መርዶ ይዤ ወደ ማሃካም ወንዝ

ዶቨር፣ ካልጋሪ

ከካልጋሪ የተነሳሁት በየካቲት መጨረሻ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ደርሶ ነበር። ሰው በዚያ ወቅት ሞቃት አገር ሄደ ሲባል ለመዝናናት ይመስላል፤ በምሠራበት የብየዳ ሾፕ ውስጥም «ቫኬሽን ነው?» ያሉኝ ነበሩ። የሄድኩት ግን ሦስት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው መሞቱን ለእናቱ ልነግር ነው።

ሰውየውን ማርቆስ እለው ነበር። በአገሩ አጠራር ማርኩስ ነው። ኢንዶኔዥያዊ ነው፤ ቦርኒዮ በሚባለው ትልቅ ደሴት ላይ፣ ማሃካም ከሚሉት ወንዝ ዳር ባለ መንደር የተወለደ። ባሊክፓፓን በምትባል የነዳጅ ከተማ በያጅ ሆኖ ሲሠራ ቆይቶ፣ አልበርታ በነዳጅ ገንዘብ ሰክራ ሠራተኛ ከየአገሩ በምትለቅምበት ዘመን በኮንትራት መጣ። እኔ እዚያው ሾፕ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። የሚከራይ ቤት የጠፋበት ጊዜ ስለነበር ዶቨር በሚባል ሰፈር ያለውን የጋሼ ተፈራን ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱን፣ ለሁለት ተከራየን። ጋሼ ተፈራ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው።

ማርቆስም በአገሩ ፕሮቴስታንት ስለነበረ እሑድ እሑድ አብሮኝ ይመጣል። አማርኛው ምንም ሳይገባው መዝሙሩን በዜማው ይከተላል። ስብከቱ ሲረዝም ይተኛል። ዝምተኛ ሰው ነበር፤ አፉ የሚፈታው ስለ መንደሩ ሲነሳ ብቻ ነው። ባሊክፓፓን ሊሠራ ከመንደሩ ሲወጣ የጎማ ዛፎች ተክሎ ነበር። የጎማ ዛፍ ከተተከለ ስድስት ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው ወተቱን የሚሰጠው። «ዛፎቹ ወተት ሲሰጡ አገሬ እገባለሁ» ይል ነበር።

በጥር አንድ ማለዳ ኮክረን ከምትባል ከተማ አጠገብ ወዳለ የሥራ ሳይት ሲሄድ፣ አስፋልቱ ላይ የጋገረው በረዶ ፒክአፑን አንሸራቶ ገለበጠው። እዚያው ሞተ። ሬሳውን ወደ አገሩ ስለ መላክ ተነጋግረን ነበር፤ መንደሩ ድረስ መኪና እንደማይገባ፣ ከአውሮፕላኑ በኋላ ሁለት ቀን በጀልባ እንደሚኬድ ስንሰማ እዚሁ ይቀበር ተባለ። የሾፑ ልጆችና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሆነን ቀበርነው።

ለቤተሰቡ ማን ነገረ? ካምፓኒው በኤምባሲ በኩል ደብዳቤ ልኳል ተባለ። ይድረስ አይድረስ ግን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ማስታወሻ ደብተሩ ውስጥ ማርታ የምትባል የወንድሙ ልጅ ስልክ አገኘሁና ደወልኩ። አስተማሪ ናት፤ እንግሊዝኛ ትችላለች። ድምፄን እንደሰማች «አጎቴ ደህና ነው?» አለችኝ። ጓደኛው መሆኔን፣ ወደ እነሱ እንደምመጣ፣ ዕቃውንም እንደማመጣ ብቻ ነግሬ ስልኩን ዘጋሁ። በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም።

«ደብዳቤው ይነግራቸዋል፤ ምን ያደክምሃል?» አሉኝ ጋሼ ተፈራ።

«ጋሼ፣ ለእናት በደብዳቤ ይነገራል እንዴ?»

 በማግስቱ ግን ሳልጠይቃቸው ኤርፖርት አደረሱኝ።

ባሊክፓፓን

ከካልጋሪ ቫንኩቨር፣ ከቫንኩቨር ሆንግ ኮንግ፣ ከዚያ ጃካርታ፣ ከጃካርታ ባሊክፓፓን። አንዱን ቀን የት እንዳደረስኩት አላውቅም። ከአውሮፕላን ስወርድ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ላዬ ላይ ወደቀ። በእጄ ካፖርቴን፣ በትከሻዬ የማርቆስን ሻንጣ ይዤ ነበር። ልብሶቹ፣ የእጅ ሰዓቱ፣ በቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ ቅዱሱና የቀብሩ ፎቶዎች ነበሩበት።

ባሊክፓፓንን ሳያት ደነገጥኩ። ባሕሩንና ሙቀቱን ትተን ካልጋሪን ትመስላለች። ተመሳሳይ ነጭ ፒክአፖች፣ ተመሳሳይ ሰማያዊ ቱታ፣ ሄልሜት በብብታቸው የያዙ የደከሙ ወንዶች፣ ከሩቅ የሚነድ የማጣሪያው እሳት። ማርቆስ ከዚህ ተነስቶ እኛ ጋ ሲመጣ ብዙም የራቀ አልመሰለውም ይሆናል።

ማሃካም ወንዝ ዳር ወዳለችው ሳማሪንዳ ከተማ የሚሄድ ታክሲ ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ተጋርቼ ተሳፈርኩ። መንገዱ ኮረብታ ለኮረብታ የሚጠመዘዝ ሆኖ ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዘን ደረስን። ግራና ቀኙ አንዴ ደን ነው፤ አንዴ ደግሞ ተልጦ ቀይ አፈሩ የተገለጠ ኮረብታ። ሾፌሩ እያመለከተ «ከሰል፣ ከሰል» ይለኛል። የድንጋይ ከሰል የሚቆፈርበት ነው።

ሳማሪንዳ

ማርታና አባቷ ላዊንግ ወደቡ አጠገብ ባለች ምግብ ቤት ጠበቁኝ። ላዊንግ የማርቆስ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሃምሳ ዓመት የሆነው፣ አጭር፣ ደንዳና ትከሻ ያለው ሰው። ዕድሜውን ሙሉ ግንድ በወንዝ ሲያስወርድ ኖሯል። እጄን ጨበጠኝና ዓይኑ ሻንጣው ላይ ቀረ። የማርታ ዓይን ያበጠ ነበር። እንዴት ብዬ እጀምራለሁ እያልኩ ሳስብ እሱ ቀደመኝ። ማርታ ተረጎመችልኝ።

«ወንድሜ መሞቱን አውቃለሁ ይልሃል። ደብዳቤው ደርሶታል። ለእኔም የነገረኝ ትናንት ነው። አያቴ አታውቅም።»

ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ ቀረበ፤ ማናችንም አልነካነውም። ለዚህ ሁሉ መንገድ ያዘጋጀሁት ንግግር ባዶ ሆነ። ማልቀስም አፈርኩ፤ እነሱ አላለቀሱማ። ቆይቶ ላዊንግ የመጣበትን ጉዳይ አወጣው። ዝግ ብሎ ነበር የሚናገረው።

የከሰል ድርጅት መንደሩ ማዶ ያለውን መሬት እየለካ ነው። ጎረቤቶቹ ሁሉ ፈርመዋል። የቀረው የማርቆስ የጎማ ዛፎች ያሉበት ቦታ ብቻ ነው። እናትየው «ልጄ ሳይመጣ አልፈርምም» ብለዋል። ሰዎቹ በዚህ ሳምንት ጨርሰው ይሄዳሉ። መሬቱ ካልተፈረመ ጉድጓድ መሃል ብቻውን ይቀራል፤ ማንም አይደርስበትም፤ ውኃውም ይበላሻል።

«ማርኩስ ይሸጥ ብሏል በላት» አለኝ። «ከእሱ ቤት የመጣህ ሰው ስለሆንክ ታምንሃለች። ከፈረመች በኋላ ሞቱን እኔ ራሴ እነግራታለሁ። ቤታችንን ወንዙ እየበላው ነው። ሐኪም ያለበት ቦታ ልወስዳት ነው የምፈልገው። ለራሴ አይደለም።»

ክፉ ሰው አልመሰለኝም። ዛሬም አይመስለኝም። እሺም እንቢም ሳልል ቀረሁ።

ወንዙ ላይ

ጀልባው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ተነሳ። ባለ ሁለት ፎቅ የእንጨት ጀልባ ነው። ታች ሰው ከሩዝ ጆንያ፣ ከዶሮ ቅርጫትና ከቤንዚን በርሜል ጋር ጣውላ ላይ ይቀመጣል፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ደግሞ ቀጫጭን ፍራሾች ተደርድረዋል። ለላይኛው ሁለት መቶ ሺህ ሩፒያ ከፈልኩ፤ ወደ ሃያ አምስት የካናዳ ዶላር ይሆናል። ከጀልባው ኋላ ባለች ጠባብ ማብሰያ አንዲት ሴት ሩዝ፣ ዓሣና እንባ የሚያስፈስስ የቃሪያ ድልህ ትሸጣለች። መጸዳጃው ወለሉ ቀዳዳ የሆነ ሳጥን ነው፤ ከሥሩ ወንዙ ይሄዳል። ሰው ግን በዚያው ውኃ ፊቱን ይታጠባል፤ አፉንም ይጉመጠመጣል።

ማሃካም ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ሰፊ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ማዶውን ለማየት ዓይን ማጥበብ ያስፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ከላይ ወደ ታች ተራራ የሚያክል ከሰል የጫኑ ጠፍጣፋ የጭነት መርከቦች እየተጎተቱ ያልፉናል። አንዱ ሲያልፍ ማዕበሉ ዳር ያሉትን ቤቶች ያናውጣል። ብዙዎቹ ቤቶች ግንድ ላይ የታሰሩ ተንሳፋፊዎች ናቸው። ወንዙ ሲሞላ አብረው ይነሳሉ፣ ሲጎድል አብረው ይወርዳሉ። አንዲት ሴት በሯ ላይ ተቀምጣ ድስት ስታጥብ፣ ማዕበሉ ሲመጣ ቀና ሳትል በአንድ እጇ ምሰሶውን ያዝ አድርጋ ጠበቀች፤ ሲያልፍ ማጠቧን ቀጠለች።

ላዊንግ አብዛኛውን መንገድ አልተናገረም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከአጠገባችን ያለፈች ሞተር የተገጠመላት ቀጭን ታንኳ እያሳየኝ፣ በእነሱ ዘንድ ጀልባ የሌለው ቤተሰብ እግር እንደሌለው እንደሚቆጠር በማርታ በኩል ነገረኝ። ሚስት ሲጠየቅ የሚታየው ጀልባው ነው። ሐኪም ቤት የሚኬደው፣ ሬሳ የሚወሰደውም በእሱ ነው። ቤንዚን ወደ ላይ በተኬደ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። የማርቆስን ጀልባ ምን እንዳደረጉት ጠየቅኩት። «ቤቱ ሥር አለች» አለኝ። «እናታችን በየዝናቡ ትሸፍናታለች።»

ከሰዓት በኋላ ማርታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ወንዙን እያየች ነበር የምታናግረኝ።

«ለአያቴ የምትለውን የምተረጉመው እኔ ነኝ» አለች። «አባቴ እንዳለው ካልክ እንደሱ እተረጉማለሁ። እውነቱን ከተናገርክ እውነቱን እተረጉማለሁ። እኔን ግን እንዳታስመርጠኝ።»

«አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?»

«እሱን ነው አትጠይቀኝ ያልኩህ።»

መንደሩ

በሁለተኛው ቀን ጀልባው የሚቆምበት የመጨረሻ ከተማ ደረስን። ከዚያ በላይ ውኃው ድንጋይ ስለሚበዛበት ወደ ረጅም ታንኳ ተዛወርን። አራት ሰዓት ሙሉ ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩ። ዝናብ መጣ፣ አባራ፣ እንደገና መጣ። ከፊት የተቀመጠው ሰው በረጅም እንጨት ድንጋዩን እየገፋ ያሳልፈናል። ሻንጣውን እንዳይረጥብ በላስቲክ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አደረግኩት።

መንደሩ አርባ የሚሆኑ ቤቶች ያሉበት፣ በወንዙ አንድ ዳር የተሰለፈ ነው። ቤቶቹ የቆሙት ውኃ በማያበሰብሰው እንደ ብረት በጠነከረ እንጨት ላይ ነው። ከቤት ወደ ቤት የሚኬደው በጣውላ ድልድይ ሲሆን፣ ከወንዙ የሚወጣው ደረጃ እየተጠረበ እርከን በወጣለት አንድ ግንድ የተሠራ ነው። ዳርቻው ግን ተንዷል። ሦስት ቤቶች ወደ ውኃው አዘንብለው ባዶአቸውን ቀርተዋል። የአንዱ ግማሽ ወለል ወንዙ ላይ ተንጠልጥሎ አየሁ። የማርቆስ እናት ቤት ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ነው።

እናቱ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ትንሽ ሴት ናቸው፤ ጆሯቸው ድሮ በከባድ ጉትቻ ተጎትቶ እስከ አንገታቸው ወርዷል። ሁሉም ኢቡ ይላቸዋል፤ እናት ማለት ነው፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። ከእኔ ይልቅ ኋላዬን፣ ታንኳዋን ነበር የሚያዩት። አንድ ነገር ጠየቁ። ማርታ ሳትተረጉም ላዊንግ መለሰ።

«ምን አሉ?» አልኳት ማርታን ቀስ ብዬ።

«እሱስ? አለች። አባቴ ሥራ አልለቀቀውም አላት።»

ዝም አልኩ። እዚያ ጋ ዝም ማለቴ ውሸቱን ከእነሱ ጋር እንደ መጀመር ነበር።

ሩዝ፣ የካሳቫ ቅጠልና ከወንዙ የተያዘ ወፍራም ዓሣ አቀረቡልኝ። ጨርሼ ሳልውጥ ይጨምሩልኛል። ማርቆስ እዚያ ሩዝ ያገኛል? ያገኛል። ሳሉስ? ለቆታል። ማን ያበስልለታል? በተራ እናበስላለን። በእያንዳንዱ መልስ የሞተ ሰው እያስበላሁ፣ እያስተኛሁ፣ ከሕመሙ እያዳንኩ እንደሆነ ይሰማኛል። ላዊንግ ጥግ ተቀምጦ የዓሣ መረብ ይጠግናል። ቀና ብሎ አላየኝም።

የማርቆስ ዛፎች

በማግስቱ ጠዋት ኢቡ መሬቱን ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ማርታ ቀዘፈች፤ ማዶ ተሻገርን።

የመንደሩ ሰው መሬት ወረቀት የለውም። ደኑን መጀመሪያ የመነጠረው ሰው መሬቱ የእሱና የልጆቹ ይሆናል። ወሰኑን የሚለየው ዛፍ ነው። አንዱ ሌላው መሬት ላይ የፍሬ ዛፍ ቢተክል እንኳ ዛፉ የተካዩ ነው፤ ወቅቱ ሲደርስ መጥቶ ይለቅማል። ይህን ሁሉ ኢቡ በጣታቸው እያመለከቱ ነገሩኝ። ይህ የአባቴ፤ ይህ የባለቤቴ፤ ከዚህ ጅረት ወዲህ የማርኩስ።

ዛፎቹ ቀጥ ብለው በረድፍ የቆሙ ናቸው። በግንዳቸው ላይ አግድም የተላጠ መስመር፣ ከሥሩ የታሰረ የኮኮናት ቅርፊት፣ በቅርፊቱ ውስጥ ነጭ ወተት። ዘንድሮ መስጠት ጀምረዋል። ሴትየዋ በሰባ አምስት ዓመታቸው በየማለዳው እየተሻገሩ ይልጧቸዋል። ቢላውን ይዘው አንዱን ዛፍ ላጡልኝ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ቢላው ግንዱን ሲነካ ግን ይረጋጋል።

በአካባቢው ባሉ ዛፎች ሁሉ ቀይ የላስቲክ ጥብጣብ ታስሯል። የከሰል ሰዎቹ የለኩበት ምልክት ነው። የማርቆስ ዛፎች ላይ ግን የለም። ማርታን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«እነሱ ያስራሉ፣ አያቴ ትፈታዋለች» አለች። «እንደገና ያስራሉ፣ እንደገና ትፈታለች። ቤት ወስዳ አትክልት ታስርበታለች።»

ኢቡ ግንዱ ሥር ተቀመጡና ቀጥታ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ማርታ ስትተረጉም ድምጿ ወረደ።

«ስለ መሬቱ ምን አለ? ትልሃለች።»

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ካልጋሪ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አባቴ ሞቶ ነበር። ቤተሰቤ ለሰባት ወር ደበቀኝ። ሥራ ሳይይዝ አይሰማ ብለው ነው፤ ለእኔ አዝነው ነው። በየሁለት ሳምንቱ እየደወልኩ አባቴን ሰላም በሉልኝ እል ነበር፤ እነሱም እሺ ይላሉ። አንድ ቀን ጃኬት ላክኩለት። ተቀበሉ። በኋላ ሁሉን ሳውቅ ከሞቱ ይልቅ ለረጅም ጊዜ ሲቆረቁረኝ የኖረው ያ ጃኬት ነው። በየትኛው ቀን ማልቀስ እንደነበረብኝ ሳላውቅ ቀረሁ።

«ነገ ጠዋት ሁላችን ባለንበት እነግርዎታለሁ ብለሽ ንገሪልኝ» አልኳት ማርታን። ኢቡ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢላውን በጨርቅ ጠቀለሉ።

ከሰዓት በኋላ ላዊንግን ጀልባ ሲጠግን አግኝቼ አልዋሽም አልኩት። እኔ የመጣሁት መርዶ ልነግር እንደሆነ፣ ማርቆስ ይሸጥ ብሎ እንደማያውቅ፣ በሞተ ሰው አፍ መናገር እንደማልችል። ማርታ ቃል በቃል ተረጎመችለት። መዶሻውን አስቀመጠ።

«አንተ ከነገ ወዲያ ትሄዳለህ» አለኝ። «አገርህ ገብተህ እውነት ተናገርኩ ትላለህ። እዚህ የምቀረው እኔ ነኝ። ዳርቻው ሲናድ የምሸከማት እኔ ነኝ።»

 ትክክል ነበር።

«ለብቻዋ እንዳትነግራት» አለኝ ቆይቶ። «ጎረቤቶች እጠራለሁ።»

ማለዳ

ጎህ ሲቀድ ሁለት ጎረቤት ሴቶችና የቤተ ክርስቲያናቸው አገልጋይ መጥተው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ጭጋጉ ወንዙን ሸፍኖት ነበር። ኢቡ ሰዎቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ከዚያ እኔን፤ ከዚያ ልጃቸውን። ላዊንግ አጎነበሰ። የገባቸው ያኔ ይመስለኛል። ሆኖም እስክናገር ጠበቁ።

«ማርቆስ ሞቷል፣ እናቴ» አልኩ። «በመኪና አደጋ ነው። ስድስት ሳምንት ሆነው። እኛ ጓደኞቹ ቀበርነው።»

ማርታ ወደ አባቷ ተመለከተች። ከዚያ ያልኩትን ሁሉ ተረጎመችው።

ጩኸት እጠብቅ ነበር። እኛ ዘንድ ቢሆን ግቢው ይደባለቅ ነበር። ኢቡ ግን መዳፋቸውን ወለሉ ላይ ዘርግተው ወዲያ ወዲህ አሻሹት፤ የሆነ ነገር የሚያጸዱ ይመስላሉ። ጎረቤቶቹ ናቸው መጀመሪያ ያለቀሱት።  ቀጥሎ ኢቡ ጥያቄ ጀመሩ።

«ማን አጠበው?»

«እኔና አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው።»

«ምን አለበሳችሁት?»

«ነጭ ሸሚዙን። ለእሑድ የሚለብሰውን።»

«የቀበራችሁት መሬት ይቀዘቅዛል?»

 በቀበርንበት ሳምንት አፈሩ ከመቀዝቀዙ የተነሳ አልቆፈር ብሎ፣ መሬቱ ላይ ማሞቂያ አስቀምጠው አንድ ቀን ሙሉ አቅልጠውት ነው የተቆፈረው። ሬሳ ሳጥኑ ሲወርድ በረዶ እየጣለ ነበር። በሻንጣው ውስጥ ያሉት ፎቶዎች ሁሉ ነጭ ናቸው።

«አይ» አልኩ። «አይቀዘቅዝም።»

ማርታ እውነት እንዳልሆነ ታውቃለች። አስተማሪ ናት፤ የካናዳን ጥር ታውቃለች። ተረጎመችው። ከፎቶዎቹ ሰዎች ብቻ የሚታዩበትን አንዱን መርጬ ሰጠኋቸው፤ ሌሎቹን አላወጣሁም። ኢቡ ልብሶቹን አንድ በአንድ አውጥተው አሸተቱ። ያኔ ነው ያለቀሱት።

ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ላዊንግን ጠሩት። እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ። ያሉትን ማርታ በኋላ ነገረችኝ።

«ሰዎቹ ይምጡና ልፈርም» አሉት። «እኔ የምጠብቀው ለእሱ ነበር።»

ላዊንግ ለሳምንታት የለመነውን ነገር አገኘ። ግን ተንበርክኮ «ዛሬ አይሁን፤ ቆይ እናስብበት» እያለ ለመናቸው። እሺ አላሉም። እሱም ወጥቶ ቤቱ ሥር፣ የተሸፈነችው ጀልባ አጠገብ ተቀመጠ። እዚያ ሲያለቅስ ሰማሁት። ወርጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቋንቋ አልነበረንም፤ ማርታም አልነበረችም። እስኪበቃው አብሬው ቆየሁ።

የከሰል ድርጅቱ ሁለት ሰዎች በማግስቱ መጡ። ትሑቶች ነበሩ፤ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ ሐዘኑን ሲሰሙም አንገታቸውን ደፉ። ወረቀቱን ዘረጉ። ኢቡ አውራ ጣታቸውን ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ነክረው አተሙ። ከዚያ ብቻቸውን በግንዱ ደረጃ ወርደው ጣታቸውን ወንዙ ውስጥ አሹት። ስሰናበታቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ፤ ቀለሙ ከጥፍራቸው ሥር አልለቀቀም ነበር።

መሬቱ ይተርፍ ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር፤ አልዋሽም። እውነቱን ብናገር ሴትየዋ መሬቱን ይበልጥ አጥብቀው ይይዙታል ብዬ ገምቼ ነበር። ውሸቱ ሊያደርግ የፈለገውን እውነቱ በአንድ ጠዋት አደረገው።

መመለስ

ወደ ታች ሲኬድ ወንዙ ስለሚያግዝ ይፈጥናል። ማርታ ትምህርት ቤቷ ያለበት ከተማ ላይ ወረደች። ከመውረዷ በፊት «ስለ መሬቱ ቅዝቃዜ ያልከውን ለማንም አልናገርም» አለችኝ።  ከሳማሪንዳ ባሊክፓፓን፣ ከዚያም በመጣሁበት መንገድ ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን። ካልጋሪ ስደርስ አዲስ በረዶ ጥሎ የዶቨር ጎዳና ሁሉ ዝም ብሏል።

ቤዝመንቱን ስከፍት አንድ የማላውቀው ሰው የማርቆስ አልጋ ላይ አንሶላ ሲዘረጋ አገኘሁት። ብሩክ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ሥራ ፍለጋ ከቶሮንቶ መምጣቱ ነው። ጋሼ ተፈራ ያከራዩት እኔ በሄድኩ በሳምንቱ ነው። አልተቀየምኳቸውም። በዚያ ዘመን ካልጋሪ ውስጥ ክፍት የሚቀር አልጋ አልነበረም።

«ሶሪ፣ ዕቃህን አልነካሁም» አለኝ ብሩክ። «እዚህ የነበረው ሰውዬ አገሩ ገባ አይደል? ጋሼ እንደዛ ነው ያሉኝ።»

ጋሼም ደብቀውታል ማለት ነው። አዲስ ተከራይ እንዳይሸሽ ይሆናል፤ ወይም ልጁ እንቅልፍ እንዳያጣ አዝነው። ካፖርቴን ሳላወልቅ ቆሜ አሰብኩ። ከጉዞው የተማርኩት ነገር ቢኖር እውነት ምንም ነገር እንደማያድን ነው። መሬቱን አላዳነም፤ ላዊንግን አላሳረፈም። ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዲት ሴት ከእንግዲህ የታንኳ ድምፅ በሰሙ ቁጥር በረንዳ ላይ አይወጡም። ያም ቢሆን ጥሩ ነገር ይሁን አይሁን አላውቅም። እውነትም የሚቆምበት ቦታ አለው። እኔ የመቃብሩ ቅዝቃዜ ላይ አቁሜዋለሁ፤ አልጸጸትም።

«አልገባም» አልኩት። «ሞቷል። ጥር ላይ፣ በመኪና አደጋ።»

ብሩክ የአንሶላውን ጫፍ እንደያዘ ቀረ። አልጋውን አየ፣ ግድግዳውን አየ።

«ሲሪየስሊ? የእውነት?» አለ በዝግታ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። «ሌላ ማደሪያ የለኝም እኮ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው ቤት ሶፋ ላይ ነው ያደርኩት። ነገ ሺፍት እጀምራለሁ።»

«ሂድ አላልኩህም። እንድታውቅ ብዬ ነው።»

 ፎቅ ላይ የጋሼ ተፈራ እግር ወዲያ ወዲህ ሲል ይሰማል። ብሩክ አንሶላውን ማንጠፉን ትቶ እጁን ጭኑ ላይ አደረገ።

«ስሙ ማን ነበር?» አለኝ።

ነገርኩት።